አራት ዓመት ስክሪን ፊት፦ ፊልም ሳንማር የጨረስነው ሁለተኛ ደረጃ

ከ1997 ዓ.ም. በኋላ ሁለተኛ ደረጃ የገባ ተማሪ ከእሱ በፊት ከነበረ ከየትኛውም ኢትዮጵያዊ ተማሪ በላይ ስክሪን ፊት ተቀምጧል። ፕላዝማን ነው የማወራው። ሒሳቡ፣ ፊዚክሱ፣ ኬሚስትሪው፣ ባዮሎጂው ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ፣ በሳተላይት መጥቶ፣ ክፍሉ ፊት ለፊት ከተሰቀለው ቴሌቪዥን ይፈስ ነበር። በእንግሊዝኛ ነው፤ ይፈጥናል፤ አይቆምም፤ ወደ ኋላ አይመለስም። መምህሩ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል፣ መሐሉን ከተማሪው ጋር አብሮ ያያል። መብራት ከጠፋ ትምህርቱ አይጠብቅም፤ በቃ አለፈ።

ፕላዝማ ብዙ ተወቅሷል። ቋንቋው ከበደ፣ ፍጥነቱ አላስያዝ አለ፣ መምህሩን ቴሌቪዥን ከፋች አደረገው ተብሏል። ሁሉም ልክ ነው። እኔን የሚያብሰለስለኝ ግን ሌላ ነው። በየቀኑ ይህን ሁሉ ተንቀሳቃሽ ምስል እያየን ስለ ተንቀሳቃሽ ምስል ምንም አልተማርንም። አቅራቢዋ ለምን ዓይን ዓይናችንን እያየች ታወራለች? ምስሉ ከእሷ ፊት ወደ ቤተ ሙከራው ሲዘል፣ በዝላዩ መሐል የቀረው ምንድን ነው? ካሜራውን እዚያ ያቆመው ማነው? ስክሪኑ መስኮት ነው ተባልን፤ መስኮቱን ራሱን ዞር ብሎ ያየው የለም።

ሐሳቤን ባጭሩ ልበላችሁ። ፊልም እንደ ልቦለድና እንደ ተውኔት ሁሉ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ሆኖ መሰጠት አለበት። ፊልም ሠሪ ለሚሆነው ብቻ ሳይሆን ፊልም ለሚያየው ሁሉ፣ ማለትም ለሁላችንም።

ታርዛንን ለማስጠንቀቅ የጮኹት ልጆች

ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1946 ጎንደር ተወለደ። ስለ ልጅነቱ ሲያወራ አንድ ነገር ተናግሯል። ታርዛንን ሲያዩ፣ አፍሪካውያኑ ከኋላ አድፍጠው ሲመጡበት፣ የጎንደር ልጆች ነጩን ጀግና ለማስጠንቀቅ ጉሮሯቸው እስኪነቃ ይጮኹ ነበር። ከተማዋን በከበቡት ተራሮች ላይ ካውቦይና ሕንድ ሲጫወቱም ሁሉም የሚፈልገው ካውቦይ መሆን ነው።

ይህን ታሪክ ብዙ ሰው «የአእምሮ ቅኝ ግዛት» ብሎ ያልፈዋል። ስያሜው ስሕተት የለበትም፤ ግን ስልቱን አያሳይም። እነዚያ ልጆች ሞኞች አልነበሩም። ማንም ስለ ዘር ንድፈ ሐሳብ አላስተማራቸውም። ሥራውን የሠራው ካሜራው ነው። ካሜራው የሚቆመው ከታርዛን ጎን ነው። የእሱን ፊት በቅርብ እናያለን፤ ሲፈራ፣ ሲያስብ፣ ሲወስን እናያለን። የሚመጡበት ሰዎች ግን ብዙ ናቸው፣ ከሩቅ ናቸው፣ ፊት የላቸውም። ካሜራው የቆመበት ቦታ ላይ የተመልካቹም ልብ ይቆማል። ይህ የሥነ ምግባር ስብከት የማይፈልግ፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ በሁለት ምስል ሊታይ የሚችል የአሠራር ጉዳይ ነው።

ኃይሌ ይህን አሠራር እስኪፈታው ድረስ አገር አቋርጦ መሄድ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1967 ቴአትር ሊማር ቺካጎ ሄደ፣ ከዚያ ሎስ አንጀለስ ዩሲኤልኤ ፊልም ተማረ፣ ከ1975 ጀምሮም ዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። አንድ ልጅ መልሱን አገኘ። አብረውት የጮኹት ልጆችስ? ጥያቄው እሱ ነው። ትምህርት ቤት የተሠራው አሜሪካ ለሚደርሰው አንዱ ሳይሆን ለቀሩት ነው።

ትክል ድንጋይ ላይ ፊልም አለ

ከጎንደር ወደ ሳንጃና ሁመራ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ትክል ድንጋይን፣ የላይ አርማጭሆን ከተማ አስቡ። የዛሬ የ10ኛ ክፍል ተማሪዋ ከኃይሌ ትውልድ እጅግ የበለጠ ፊልም ታያለች። ሜሞሪ ካርድ ላይ የተጫነ አለ፣ ቴሌግራም ላይ የወረደ አለ፣ ኔትወርክ ካለ ቲክቶክ አለ። ቃና ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2016 ከጀመረ ወዲህ ቱርኮች ቤታችን ውስጥ አማርኛ ያወራሉ። ከዚያ በፊትም ቪዲዮ ቤት ነበር፤ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ደግሞ «ትርጉም ፊልም»።

ትርጉም ፊልም ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እንዴት ማየት እንደተማርን ይናገራል። አንድ ሰው በአንድ ድምፅ የሁሉንም ገጸ ባሕርይ ንግግር ይተረጉማል፣ ያብራራል፣ ይቀልዳል፣ ቀጥሎ የሚሆነውን ጠቆም ያደርጋል። በጣም ደስ ይላል፤ ከጥንት ተረት ነጋሪ ጋር የሚዛመድ የራሱ ጥበብ ነው። ዋጋ ግን አለው። ዓይን ሥራ ይፈታል። ምስሉ የሚለውን ከምስሉ ከማግኘት በፊት ጆሯችን ሰምቶ ጨርሷል።

ከፊልሙ ስንወጣም የምንለው ያው ነው፦ «ታሪኩ አሪፍ ነው»፣ «ትወናው ይመቻል»፣ «መጨረሻው አልተዋጠልኝም»። እነዚህ ቃላት ከየት መጡ? ከአማርኛ ክፍል። ታሪክ፣ ገጸ ባሕርይ፣ መቼት፣ ግጭት፣ ጭብጥ፤ ለልቦለድ የተማርናቸውን መሣሪያዎች ይዘን ፊልም ላይ እንዘምታለን። ስለ ሾቱ፣ ስለ ቆረጣው፣ ፍሬሙ ውስጥ ስለገባውና ውጭ ስለቀረው የምንለው የለንም። እኛ ኮድ የምንጽፍ ሰዎች አንድ ነገር እናውቃለን፤ ስም ያልሰጠኸውን ነገር ፈልገህ አታገኘውም፣ ካላገኘኸው ደግሞ አታርመውም።

ይህ ጉድለት ከተመልካቹ አልፎ ወደ ፊልሞቻችንም ገብቷል። «ሂሩት አባቷ ማነው» በ1957 ዓ.ም. ከታየ ስድሳ ዓመት አልፎታል። ዛሬም ከሚሠሩት የአማርኛ ፊልሞች አብዛኞቹ ላይ ይህን ሞክሩ፦ ምስሉን ሸፍናችሁ ድምፁን ብቻ ስሙ። ምን አመለጣችሁ? ብዙ ጊዜ ምንም። ሁለት ሰው ካፌ ተቀምጦ ያወራል፣ ካሜራው ከተናጋሪ ወደ ተናጋሪ ይመላለሳል። ምስል የተለጠፈበት የሬዲዮ ድራማ ነው። «ታሪኩ አሪፍ ነው» ብቻ የሚል ተመልካች ባለበት ገበያ፣ ዳይሬክተሩ ለምን ለምስሉ ይደክማል?

ጎንደር ማንበብ ያስተምር ነበር

«ፊልም ማንበብ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል ካለ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ይግባና ግድግዳውን ይይ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ወግ ጻድቁ ሁለት ዓይኑ እየታየ ይሳላል፤ ክፉው በጎን ተስሎ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ማንበብ የማይችል ምእመን እንኳን ከሩቅ አይቶ ማን ከማን ወገን እንደሆነ ያውቃል። ይህ የምስል ሰዋስው ነው። ፊትን ማሳየትና ፊትን መንፈግ የሚል ሕግ። ከላይ የታርዛን ካሜራ ያደረገውን አስታውሱ፤ ፊት የተሰጠውና ፊት የተነፈገው ማን እንደነበር። የጎንደር ልጅ ትምህርቱን ከሆሊውድ ሳይሆን ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ሊጀምር ይችላል።

ሌላም አለ። ጎንደር የመጻሕፍት ትርጓሜ ከተማ ነች፤ ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉት የትርጓሜ መስመሮች የወጡት ከዚያ ነው። የአንድምታን አካሄድ እዩት። መጀመሪያ ነጠላው ይባላል፣ ቃሉ በቀጥታ የሚለው። ከዚያ ሐተታው ይመጣል፤ አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው። ሁለት ነገር ልብ በሉ። ነጠላውን ሳይሉ ወደ አንድም መዝለል አይቻልም፤ አንድ አንድም ደግሞ ሌላውን አንድም አይሰርዘውም። እኔ ለፊልም ክፍል ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም። መጀመሪያ ያየኸውን ብቻ ተናገር፤ «ሴትየዋ በር ላይ ቆማለች፣ ፊቷ ጨለማ ውስጥ ነው»። ቀጥሎ አንድም በል። ቲክቶክ ኮሜንት ላይ የምንጣላው ነጠላውን ዘለን ሁላችንም በየራሳችን አንድም ስለምንጀምር ነው።

አንድ ክፍለ ጊዜ ከኃይሌ ጋር

እስኪ ክፍሉ እንዴት ሊሆን እንደሚችል በፊልም እንየው። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» እ.ኤ.አ. በ1974፣ አብዮቱ በፈነዳበት ዓመት በጥቁርና ነጭ 16 ሚሊሜትር ተቀርጾ በ1976 ወጣ። አንድ የገበሬ ቤተሰብ ለባለርስት ይሠራል። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ተማሪዎቹ የሚሉትን ከወዲሁ አውቀዋለሁ፦ «ይንቀረፈፋል!»

ጥሩ። ከዚያው እንጀምር። ለማን ነው የሚንቀረፈፈው? የተለመደ ፊልም እርሻን ሲያሳየን ሦስት ሾት ይበቃዋል፤ በሬ፣ ማረሻ፣ ላብ፣ ከዚያ ወደ ታሪኩ። እርሻ ለእሱ ጌጥ ነው። ኃይሌ ግን ካሜራውን ከሩቅ አቁሞ ሰውየው እስኪያርስ ይጠብቃል። ሥራው የሚፈጀውን ጊዜ ከእኛ ሰዓት ላይ ይቆርጣል። ባለርስቱ በበኩሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ እየተሳደበ ያዛል። አንዱ ይቀመጣል፣ ሌላው ይንቀሳቀሳል፤ ስለ መሬት ሥሪቱ አንድም ንግግር ሳንሰማ ሥሪቱን በምስል አየነው። አባቱ ገበሬ የሆነ የላይ አርማጭሆ ተማሪ ይህን ሾት ከአዲስ አበባ ሐያሲ በላይ ሊያነበው ይችላል። የሞፈሩን አያያዝ ያውቃል። በሬው ሲደክም ያውቃል። በዚህ ክፍል ውስጥ ለአንድ ጊዜ እንኳን የገጠር ልጅነቱ እውቀት ይሆናል።

ሁለተኛው ፊልም «ጤዛ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ የፌስፓኮን ትልቁን ሽልማት ወሰደ። አንበርብር ጀርመን ሕክምና ተምሮ፣ በደርግ ዘመን አልፎ፣ አንድ እግሩን አጥቶ ጣና ዳር ወዳለው መንደሩ ይመለሳል። ትዝታው ሙሉ አይደለም። ስለዚህ ፊልሙም ሙሉ አይደለም፤ ከመንደሩ ወደ ጀርመን፣ ከጀርመን ወደ አዲስ አበባ እየዘለለ ይሄዳል። ብዙ ሰው «ግራ ያጋባል» ብሎ ይተወዋል። ግራ መጋባቱ የሰውየው ነው። ቆረጣው ትዝታው በተሰበረበት ቦታ ይሰበራል። ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ብነግራችሁ ትረሱታላችሁ፤ ሦስት ደቂቃውን አቁሞ እያስኬደ «አሁን የት ነን? ምን አስታወሰው?» የሚል መምህር ካለ ግን አትረሱትም።

ለንጽጽር ሦስተኛ ፊልም ልጨምር። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ኤፍሬም የሚባል ልጅ አባቱ አዲስ አበባ ሥራ ሊፈልግ ሲሄድ ዘመድ ቤት ይተወዋል፤ አጎቱ ደግሞ ቹኒ የምትባለዋን በጉን ለበዓል ሊያርድበት ይፈልጋል። ልብ የሚነካ ፊልም ነው፣ ልጁም ድንቅ ይጫወታል። ተራሮቹ ግን በጣም ያምራሉ። አረንጓዴ፣ ሰፊ፣ ጭጋግ የለበሱ። «ምርት» ውስጥ መሬት ጀርባ ያጎብጣል፤ «ላምብ» ውስጥ መሬት ዓይን ያሳርፋል። የትኛው ነው የምታውቀው ተራራ? ብሎ መጠየቅ ያሬድን መውቀስ አይደለም። እኔ ውበቱ አንዳንዴ የልጁን ረሃብ ይሸፍንበታል ባይ ነኝ። አንድ የደጋ ተማሪ ተነስታ «የለም፣ እኛም እኮ ተራራችን ያምረናል፣ የማያምረው ለጎብኚ ብቻ ነው ያለው ማነው?» ብትለኝ ደግሞ ጥሩ መልስ ይሆንብኛል። እንዲህ ዓይነት ክርክር ነው የጎደለን።

ስልኩ ላይ ያለው ፊልም

እስካሁን ስለ ጥበብ አወራሁ። አሁን አንገብጋቢው ላይ ልምጣ። የትክል ድንጋይ ተማሪ በሳምንት ውስጥ የምታየው አብዛኛው ምስል ፊልም ተብሎ አይጠራም። ከሆነ ቦታ የተቀረጸ የሠላሳ ሰከንድ ቪዲዮ ነው፤ የሚሮጡ ሰዎች፣ ጭስ፣ ተኩስ፣ ከላይ የተጻፈ ርዕስ። ርዕሱ «ዛሬ» ይላል፣ ቪዲዮው የሁለት ዓመት ነው። ርዕሱ አንድ ከተማ ይጠራል፣ ምስሉ የሌላ ነው። በጦርነት በቆሰለ አካባቢ እንዲህ ዓይነት ሠላሳ ሰከንድ ሰው ሊያስገድል ይችላል።

«የሐሰት መረጃን አትመኑ» የሚል ፖስተር ብዙ አይቻለሁ። ፖስተሩ የማይነግረን እንዴት ነው የማናምነው የሚለውን ነው። የፊልም ክፍል ሦስት ጥያቄ ያስተምራል። ካሜራው የት ቆሟል? ከዚህ ምስል በፊትና በኋላ ምን ተቆረጠ? ድምፁ ከምስሉ ጋር አብሮ ተቀርጿል ወይስ ኋላ ተጨምሯል? እነዚህ ኃይሌን ለማንበብ የምንጠቀምባቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ሌላ አያስፈልግም። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ዓለም ኢትዮጵያን በጥቂት ደቂቃ የዜና ምስል አወቃት፤ ምስሎቹ እውነት ነበሩ፣ እርዳታም አመጡ፤ ፍሬሙ ግን ለአርባ ዓመት አልለቀቀንም። እውነተኛ ምስልም ቢሆን ተመርጦ የተቆረጠ መሆኑን ማወቅ፣ ሐሰተኛውን ከመለየት እኩል ያስፈልጋል።

«ይኼ ቅንጦት ነው» ለሚሉ

መቃወሚያው ቀላል አይደለም፣ እኔም አላቃልለውም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። በአማራ ክልል ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ባለው ግጭት ስንት ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ወንበር፣ መጽሐፍ፣ ሰላም በጠፋበት ፊልም?

ሁለት መልስ አለኝ። አንደኛ፣ እነዚያ ቁጥሮች የመጡት ፊልም ከሚባል ነገር ጋር ጊዜውን ተጋርቶ ከማያውቅ ሥርዓት ነው። «ዋና ዋናዎቹ ላይ እናተኩር» የሚለው መርሕ ቀድሞም ተሞክሯል። ፊልም ውጤት ከፍ ያደርጋል አልልም። ግን ተማሪ በሚያስብበት ቋንቋ፣ ያየውን ማስረጃ አድርጎ፣ «ይህን አየሁ፣ ስለዚህ ይህን እላለሁ» ብሎ የሚከራከርበት ክፍለ ጊዜ ስንት አለን? የፊዚክስ ሪፖርትም የታሪክ ድርሰትም የሚቆመው በዚህች «ስለዚህ» ላይ ነው።

ሁለተኛ፣ ወጪው ትንሽ ነው። የፕላዝማ ሳተላይት አያስፈልግም። አንድ ላፕቶፕ፣ ከተገኘ ፕሮጀክተር፣ ካልተገኘ ለአምስት ተማሪ አንድ ስልክ። የሦስት ደቂቃ ቅንጥብ። ፕላዝማ ላይ ያልነበረው ፖዝ የሚባለው ቁልፍ እዚህ የትምህርቱ እምብርት ነው። መምህሩ ያቆማል፣ ይጠይቃል፣ ወደ ኋላ ይመልሳል። ስክሪኑ መምህሩን ከማዘዝ ይልቅ መምህሩ ስክሪኑን ያዛል።

የሚያሰጋኝ ሌላ ነው። ትምህርት ቤታችን የነካውን ወደ ምርጫ ጥያቄ የመቀየር ተሰጥኦ አለው። ሰምና ወርቅን ያህል ነገር «ሀ፣ ለ፣ ሐ» አድርጎ የገደለ ሥርዓት፣ ነገ «ክሎዝ አፕ ማለት ምን ማለት ነው?» ብሎ አራት አማራጭ ያቀርባል። ፈረንሳይ ተማሪ ለባካሎሬያ ሲኒማን መርጦ መማር ይችላል፣ እንግሊዝም ኤ ሌቭል ላይ የፊልም ጥናት አላት። ግን ፈረንሳዊው ሐያሲ አላን በርጋላ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ፈርቷል፤ ሲኒማ ትምህርት ቤት የሚገባው እንደ እንግዳ፣ እንደ ጥበብ እንጂ እንደ ሰዋስው ዝርዝር መሆን የለበትም ይላል። ከእሱ ጋር ነኝ።

ስለዚህ የምጠይቀው ልክ አለው። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ታች ክፍሎች ላይ የክወናና የእይታ ጥበባት ትምህርት አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ፊልምን በማስተርስ ደረጃ ያስተምራል። መሐሉ ነው ባዶው፤ ከ14 እስከ 18 ዓመት ያለው፣ ሰው ከምንጊዜውም በላይ ስክሪን ላይ የሚያፈጥበት ዕድሜ። ከ9ኛ ክፍል የአማርኛ መጽሐፍ ይጀመር፤ ከልቦለዱና ከተውኔቱ ጎን አንድ የፊልም ምዕራፍ። 11ኛ ላይ ደግሞ መማር ለሚፈልግ ራሱን የቻለ ትምህርት ይሁን። ብሔራዊ ፈተና ውስጥ ለጊዜው አይግባ። መመዘኛው ተማሪው ስለ አንድ ሾት የሚጽፈው አንድ ገጽ ይሁን፤ ነጠላው ከላይ፣ አንድሙ ከታች።

«ጤዛ» ሲያልቅ አንበርብር የመንደሩን ትምህርት ቤት ልጆች ሊያስተምር ይቆማል። ያን ሁሉ አገር ዞሮ፣ ያን ሁሉ አይቶ፣ የሚተርፈው ሥራ እሱ ነው። ፊልሙ ጣና ዳር ስላለ መንደር የተሠራ ነው፤ ሠሪው የጎንደር ልጅ ነው። እስከ ዛሬ ግን በአካባቢው የክፍል ሰሌዳ ላይ «ይህን ሾት እንይ» ተብሎ የሚጻፍበት ክፍለ ጊዜ የለም። ምዕራፉ እስኪጻፍ መጠበቅ ግዴታ አይደለም። አማርኛ የምታስተምሩ ጓደኞቼ፣ ቅንጥቡ ሦስት ደቂቃ ነው።